የኢተርኔት ካርድን ከነድራይቨሩ በዩኒክስ መሰል ሥርዓተ ክወና ላይ ስለ ማሰናዳት

በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ሃያ መሣሪያዎች ተደርድረው ሳለ ሦስቱ ወይም አራቱ ከመረቡ ጋር አልገናኝ ቢሉ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ፍርድ አጭር ነው፤ «ካርዱ ተቃጥሏል» ይባልና መሣሪያው ወደ መጋዘን ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ በአንድ መሣሪያ ፊት ሁለት ሆነው ይቀመጡ የነበሩት ተማሪዎች ሦስት ይሆናሉ። እንዲህ ተፈርዶባቸው ከሚወጡት መሣሪያዎች መካከል ግን ካርዳቸው ፍጹም ጤነኛ የሆነ፣ የጐደላቸውም አንድ ፕሮግራም፣ ወይም በአንድ ፋይል ውስጥ መጻፍ የነበረባት አንዲት መስመር ብቻ የሆነ ይገኝባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚብራራው እንግዲህ ሊኑክስን ወይም ከበርክሊ የዘር ሐረግ የሚወለዱትን እንደ ፍሪቢኤስዲ ያሉ ሥርዓተ ክወናዎች በሚያሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ የኢተርኔት ካርድ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚሰናዳና ሥራውን በትክክል መሥራቱ በምን እንደሚረጋገጥ ነው።

ኢተርኔት የተባለው የመገናኛ ዘዴ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ በነበረው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ሲሆን፣ አሳቡን ያፈለቁትና የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠሩት ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ናቸው። ያ የሙከራ መረብ በሴኮንድ 2.94 ሚሊዮን ቢት ያህል ያስተላልፍ ነበር። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በአንድነት ያወጡት ደንብ ፍጥነቱን ወደ 10 ሚሊዮን ቢት ከፍ አደረገው፤ በ1983ም አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.3 በሚል ቁጥር መደበኛ ደረጃ አድርጎ ተቀበለው። ከዚያ በ1995 መቶ ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ በተራው የመዳብ ገመድ ላይ አንድ ቢሊዮን ቢት በሴኮንድ የሚያስተላልፉት ደረጃዎች ተከተሉ። ዩኒክስ በበኩሉ በቤል ላቦራቶሪ በ1969 በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ ነው። ሁለቱ በሰፊው የተገናኙት በ1983 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ በወጣው 4.2 ቢኤስዲ አማካይነት ሲሆን፣ የመረብ ካርድን ለማሰናዳት የሚያገለግለው ኢፍኮንፊግ የተባለው ትእዛዝም የተወለደው በዚሁ እትም ነው። ሊኑክስ በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ ሲጀመር ከበርክሊ ሥራ ያልተቀዳ፣ ከመሠረቱ አዲስ የተጻፈ ቢሆንም ጠባዩንና የትእዛዞቹን ስም የወሰደው ከዚያው ልማድ ነው። ስለዚህ አንዱን የተማረ ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ድራይቨር የሚለው ቃል በቁሙ ሲተረጐም ነጂ ማለት ነው። ይህ ትርጉም ግን ሰውን ያሳስታል፤ ፕሮግራሙ ካርዱን እንደ ሾፌር የሚነዳው ይመስላልና። ተግባሩን ይበልጥ የሚገልጸው የጥንቱ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ ነው። ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ከየትኛውም ባለጉዳይ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ ወደ እርሱ የሚገባውንም ሆነ ከእርሱ የሚወጣውን ሁሉ የሚያቀርብለት፣ የእንግዳውንም ቋንቋና ጠባይ የሚያውቅለት አጋፋሪው ነው። ካርዶች እንደየሠሪያቸው ይለያያሉ፤ አንዱ ፓኬቱን የሚያኖርበት ስፍራ፣ ሥራ መጨረሱን የሚያስታውቅበት ምልክት፣ ሲሳሳት የሚመዘግብበት ሰሌዳ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ከርነሉ ግን ይህን ልዩነት እንዲያውቅ አይጠየቅም። «ይህን ፓኬት አውጣ» ሲል ድራይቨሩ በካርዱ ቋንቋ ይፈጽመዋል።

ለዩኒክስ ተማሪ እንግዳ የሚሆንበት አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። በዩኒክስ ዘንድ ሁሉ ነገር ፋይል ነው ይባላል፤ ዲስኩም፣ የቁልፍ ሰሌዳውም፣ አታሚውም ዴቭ በተባለው ማኅደር ውስጥ እንደ ፋይል ተሰይመው ይገኛሉ። በሊኑክስ የኢተርኔት ካርድ በዚያ ማኅደር ውስጥ የለም። ካርዱ የሚታወቀው ከፋይሎቹ ስም ተለይቶ በተያዘ በራሱ መዝገብ ሲሆን፣ ፕሮግራሞችም የሚደርሱበት ሶኬት በተባለው በር በኩል ነው። ካርዱን በዚያ ማኅደር ውስጥ ፈልጎ ያጣ ሰው ድራይቨሩ እንዳልተጫነ አድርጎ ቢደመድም ተሳስቷል።

ሥራው የሚጀመረው ኮምፒዩተሩ ካርዱን አይቶታል ወይስ አላየውም ከሚለው ጥያቄ ነው። በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ፒሲአይ በተባለው መሥመር ላይ የተሰካ እያንዳንዱ ካርድ ሁለት የመታወቂያ ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ የሠሪውን፣ ሁለተኛው የዕቃውን ዓይነት ይናገራል። ቁጥሮቹ የሚጻፉት ከዜሮ እስከ 9 ካሉት አኃዞች ሌላ ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት ፊደላት በሚገለገለው፣ ሄክስ በሚባለው ባለ 16 መሠረት አቈጣጠር ነው። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ ይህም ኩባንያው ስመ ጥር ያደረገው የፕሮሰሰር ቁጥር መሆኑን የሚያውቅ ፈገግ ሊል ይችላል። በሊኑክስ ላይ ኤልኤስፒሲአይ፣ በፍሪቢኤስዲ ላይ ደግሞ ፒሲአይኮንፍ የተባሉት ትእዛዞች እነዚህን ቁጥሮች ያወጣሉ። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጉዳዩ የድራይቨር አይደለም፤ ካርዱን ነቅሎ፣ የተነካካበትን ጥርስ ጠርጎ፣ ወደ ሌላ ማስገቢያ መመለስ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ግን ካርዱ ቢያንስ በሕይወት አለ፤ ወደ መጋዘን የሚወርድበትም ምክንያት ገና አልተገኘም።

ቀጥሎ የሚታየው ለዚህ ቁጥር ኀላፊ የሆነ ድራይቨር መገኘቱ ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር ሊያገለግላቸው የሚችላቸውን ካርዶች ቁጥር የያዘ ዝርዝር በውስጡ አለው፤ በሊኑክስም ሆነ በፍሪቢኤስዲ የካርዱ ቁጥር ከዚህ ዝርዝር ጋር ሲገጥም ድራይቨሩ ካርዱን ይረከበዋል። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ የተሠራ ወይም ሞጁል በሚል ስም ለብቻው ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚጫን ሊሆን ይችላል። በሊኑክስ ሞጁልን የሚጭነው ሞድፕሮብ የተባለው ትእዛዝ ነው። የኢንቴል ካርዶችን ለማገልገል ኢ1000ኢ የሚባለው፣ የሪልቴክን ደግሞ አር8169 የሚባለው ድራይቨር በብዛት ይታያሉ። አንዳንድ ካርዶች ከድራይቨሩ በተጨማሪ ፈርምዌር የሚባል፣ በካርዱ በራሱ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ከዲስክ እንዲጫንላቸው ይፈልጋሉ፤ ይህ ሲጐድል ከርነሉ በመልእክት መዝገቡ ውስጥ የጐደለውን ፋይል ስም ጠቅሶ ይናገራል። መዝገቡ የሚነበበው ዲሜሴጅ በተባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው፣ በተግባር ግን ከሁሉ በኋላ የሚታሰበው ይህ መዝገብ ነው።

ድራይቨርን ማዋቀር ዛሬ ቀላል መስሎ የሚታየው የቀድሞው ድካም በመቀነሱ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት የነበረውን አሠራር ማወቅ የድራይቨርን ምንነት ስለሚያሳይ ጥቂት ማተት ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ በጣም ተስፋፍቶ የነበረው ኖቬል የተባለው ኩባንያ ያወጣውና ሌሎች በርካታ ፋብሪካዎች እየቀዱ በርካሽ የሸጡት ኤንኢ2000 የተባለው ካርድ ነበር። ይህ ካርድ የሚሰካበት አይኤስኤ የተባለው መሥመር ካርዶችን ቆጥሮ የሚያውቅበት ዘዴ አልነበረውም። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ሰው ራሱ መንገር ነበረበት። የመጀመሪያው የመግቢያና የመውጫ አድራሻ ነው፤ ይህም ፕሮሰሰሩ ካርዱን ሲፈልገው የሚያንኳኳው በር ቁጥር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሄክስ 300፣ ማለትም በተለመደው አቈጣጠር 768 ይሆን ነበር። ሁለተኛው የማቋረጫ መሥመር ቁጥር ነው፤ ይህም ካርዱ ፓኬት ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ደወል ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበሩት ደወሎች ከ0 እስከ 15 የተቈጠሩ 16 ብቻ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ቀድመው ተይዘዋል፤ 3ኛው ለሁለተኛው ተከታታይ በር፣ 6ኛው ለፍሎፒ ዲስክ፣ 14ኛው ለዋናው ዲስክ የተሰጡ ነበሩ።

ትምህርት ሰጪው ስሕተት የሚታየው ደወሉ ሲሳሳት ነው። የበሩ ቁጥር ትክክል ከሆነ ድራይቨሩ ካርዱን ያገኘዋል፤ በካርዱ ውስጥ የተቀረጸውን ባለ 48 ቢት አድራሻም አንብቦ በማያ ገጹ ላይ ያወጣል። የሚያየው ሰው ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ ይደሰታል። ይሁንና ደወሉ የተነገረው 10 ሆኖ ካርዱ በሠሪው የተስተካከለው በ3 ላይ ከሆነ፣ ካርዱ ቢጠራም ድራይቨሩ አይሰማውም፤ ድራይቨሩም በሌላ ደወል ላይ ጆሮውን ተክሎ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይቶ ከርነሉ «የማስተላለፊያው ጊዜ አለፈ» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ይመዘግባል። አድራሻን ማንበብና ፓኬትን ማመላለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው መሳካቱ ለሁለተኛው ዋስ አይሆንም። መድኃኒቱ በካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መጋጠሚያ መለወጥ፣ አለበለዚያም ለሞጁሉ የበሩንና የደወሉን ቁጥር በሁለት አጫጭር ቃላት ጽፎ መስጠት ነበር። ለእነዚህና ለሌሎች ብዙ ካርዶች የሊኑክስ ድራይቨሮችን በዚያ ዘመን የጻፈው ዶናልድ ቤከር ሲሆን፣ በ1994 ከቶማስ ስተርሊንግ ጋር በናሳ ጐዳርድ የጠፈር በረራ ማእከል በ16 ተራ ኮምፒዩተሮች የተሠራውን ቤዎልፍ የተባለውን የስሌት መሣሪያ ለማገናኘት ያስቻለውም ይኸው የድራይቨር ሥራ ነበር። በርካሽ ካርድ ላይ የዋለ ጥሩ ድራይቨር ምን ያህል እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የፒሲአይ መሥመር ሲመጣ የበሩና የደወሉ ቁጥር በራሱ የሚደለደል ሆነ፤ ይህ ዓይነቱ ድካምም ቀረ። በአንጻሩ የፍጥነቱ ማደግ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በ10 ሚሊዮን ቢት መሥመር ላይ በሴኮንድ ሊደርሱ የሚችሉት ትንንሽ ፍሬሞች 14,880 ያህል ሲሆኑ በአንድ ቢሊዮን ቢት መሥመር ላይ 1,488,000 ያህል ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ደወል ቢደወል ፕሮሰሰሩ ደወል ከመስማት ሌላ ሥራ አይኖረውም። በመሆኑም የዛሬዎቹ ድራይቨሮች የመጀመሪያው ደወል ሲሰማ ደወሉን ዘግተው፣ የተከማቸውን ፍሬም ራሳቸው እየሄዱ ያነሣሉ፤ ሲያልቅ ደወሉን መልሰው ይከፍታሉ። በሊኑክስ ናፒ የተባለው ዘዴ ይህ ነው።

ካርዱ በድራይቨሩ ከተያዘ በኋላ ስም ይወጣለታል። በፍሪቢኤስዲ ስሙ የሚወጣው ከድራይቨሩ ነው፤ የኢንቴል ካርድ ኢኤም0፣ የሪልቴክ ካርድ አርኢ0 ሊባል ይችላል። ስለዚህ አንዱ ካርድ በሌላ ሲተካ የመሰናዶ ፋይሉ ውስጥ ያለው ስምም አብሮ መለወጥ አለበት። ሊኑክስ ግን ለረጅም ጊዜ ሁሉንም ካርዶች ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 እያለ በተገኙበት ቅደም ተከተል ይጠራቸው ነበር። ሁለት ካርድ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ዛሬ 0 የነበረው ነገ 1 ሊሆን ይችላል። ይህን ለመከላከል በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ የካርዱን ባለ 48 ቢት አድራሻ ከስሙ ጋር የሚያስተሳስር የደንብ ፋይል ተጨመረ። ችግሩ በዚህ ያበቃ ቢመስልም በትምህርት ቤቶች ዓይነት አሠራር ላይ አዲስ ወጥመድ ሆነ። አንድ ባለሙያ አንዱን ኮምፒዩተር በጥንቃቄ አሰናድቶ ዲስኩን ለሌሎቹ አሥራ ዘጠኝ ቢገለብጠው፣ የደንቡም ፋይል አብሮ ይገለበጣል። በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ሥርዓቱ ሲነሣ በደንቡ ውስጥ የተመዘገበውን የመጀመሪያውን ካርድ አድራሻ አያገኝም፤ ኢቲኤች0 የሚለው ስም ለማይገኘው ካርድ እንደ ተያዘ ይቀመጥና የተገኘው ካርድ ኢቲኤች1 ይባላል። የመረብ ቁጥሩ ግን የተጻፈው ለኢቲኤች0 ነው። ስለዚህ አሥራ ዘጠኙም ዝም ይላሉ፤ አንዱ ብቻ ይሠራል። አሥራ ዘጠኝ ካርድ በአንድ ቀን ሊቃጠል እንደማይችል ማሰብ ብቻ ወደ ትክክለኛው ምክንያት ይመራል፤ ደንቡን ከየዲስኩ መሰረዝና ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት በቂ ነው።

በ2013 በወጣው 197ኛው የሲስተምዲ እትም አማካይነት ስሙ ካርዱ ከተሰካበት ስፍራ እንዲወጣ የሚያደርግ ዘዴ ተጀመረ፤ ኢኤንፒ3ኤስ0 የሚለው ስም ኢተርኔት መሆኑን፣ በሦስተኛው የፒሲአይ መሥመር፣ በዜሮኛው ማስገቢያ መገኘቱን ይናገራል። ስሙ ለጆሮ አይጥምም፤ ነገር ግን ዲስክ ሲገለበጥ፣ ኮምፒዩተሮቹ አንድ ዓይነት እስከ ሆኑ ድረስ፣ ስሙ አንድ ይሆናል።

ስሙ ከታወቀ ካርዱን ማስነሣትና የመረብ ቁጥር መስጠት ጥቂት ቃላት ብቻ ይጠይቃል። ይህን ማድረግ የሚችለው ሩት የሚባለው የበላይ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ነው። በበርክሊ ዝርያዎች ላይ ኢፍኮንፊግ ብሎ የካርዱን ስም፣ ቀጥሎ ለምሳሌ 192.168.1.10 የሚለውን ቁጥር፣ ከዚያም 255.255.255.0 የሚለውን ማሰሻ መጻፍ ያስፈልጋል። በሊኑክስ ኢፍኮንፊግን አይፒ የተባለው ትእዛዝ የተካው ሲሆን፣ ካርዱን ማስነሣትና ቁጥር መስጠት በዚህ ትእዛዝ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። ቁጥር የተሰጠው፣ ነገር ግን ያልተነሣ ካርድ ፓኬት አያስተላልፍም። ሁለቱም ትእዛዞች የሚናገሩት ለከርነሉ ብቻ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ቃላቸው አብሮ ይጠፋል። «ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አቆመ» የሚባለው ብልሽት ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ይህ ነው። መሰናዶው እንዲዘልቅ በፋይል መጻፍ አለበት፤ በፍሪቢኤስዲ አርሲ ኮንፍ በተባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይበቃል፤ በኦፕንቢኤስዲ ሆስትኔም በሚል ቃል ጀምሮ በካርዱ ስም የሚያበቃ ለብቻው የቆመ ፋይል ይጻፋል፤ በሊኑክስ ግን እንደ ስርጭቱ ይለያያል፤ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት የመሰናዶ ዘዴዎች በአንድነት ሲሠሩ እርስ በርሳቸው እየተሻሩ ባለሙያውን ያደክማሉ።

ድራይቨር ከካርዱ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 የደረሰ ጉዳት ያሳያል። በዚያን ጊዜ የሊኑክስ ከርነል 2.6.27 በመሞከር ላይ ነበር። 82566 እና 82567 የሚል ቁጥር ያላቸውን የኢንቴል ካርዶች ይጠቀሙ ከነበሩት ሞካሪዎች መካከል የአንዳንዶቹ ካርዶች በድንገት ዝም አሉ፤ ሥርዓቱን እንደገና መጫንም አላስነሣቸውም። በካርዱ ውስጥ አድራሻውንና ጠባዩን የሚይዘው ቋሚ ማኅደር ተበላሽቶ ነበር። ጥርጣሬው ሁሉ ያረፈው ኢ1000ኢ በተባለው ድራይቨር ላይ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት ፍለጋ በኋላ የተገኘው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ከድራይቨሩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ የከርነሉን ውስጣዊ ጉዞ ለመከታተል የተጨመረ ክፍል፣ ቀድሞ ያውቀው በነበረና ተለቅቆ ለካርዱ ማኅደር በተመደበ የአድራሻ ስፍራ ላይ ይጽፍ ነበር። ድራይቨሩን የሚጠብቁት መሐንዲሶች ምክንያቱ ከመገኘቱ በፊት ማኅደሩን ከመጻፍ የሚቈልፍ ማስተካከያ አዘጋጅተው በኦክቶበር ወር ከወጣው ከ2.6.27 እትም ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረጉ፤ ቀጥሎ የወጣው 2.6.27.1 ደግሞ ጥፋተኛውን ክፍል ዘጋው። ለሙከራ የወጣን ከርነል ተማሪዎች በሚገለገሉበት ክፍል ላይ መጫን የማይመከረው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካርዱ ታውቆ፣ ስም ወጥቶለት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ፒንግ ለተባለው መጠይቅም መልስ እየሰጠ፣ ሥራው ግን እጅግ የሚያዘግምበት ሁኔታ ይገጥማል። ይህ ችግር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊብራራ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ፍጹም ዝም ያለ ካርድ ራሱን ያጋልጣል፣ ይኸኛው ግን «መረቡ ደካማ ነው» በሚል ሰበብ ለዓመታት ተሸፍኖ ሊኖር ይችላል።

ኢተርኔት በሁለት ዓይነት ሊሠራ ይችላል። ሃፍ ዱፕሌክስ በሚባለው ተራ በተራ ይነገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ሁለቱ በአንድነት ቢጀምሩ ግጭት ይሆናል፤ ሁለቱም ያቆሙና ጥቂት ቆይተው ይደግማሉ። ፉል ዱፕሌክስ በሚባለው ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ግጭት የሚባል ነገር የለም። ካርዱና ስዊቹ ሲገናኙ በየትኛው እንደሚሠሩ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምልክቶችን እየላኩ ይስማማሉ፤ ይህም ኦቶኔጎሼሽን ይባላል። አሁን ስዊቹ ላይ ያለው በር በባለሙያ እጅ «100፣ ፉል ዱፕሌክስ» ተብሎ ተቈልፎ የስምምነት ምልክት መላክ ቢያቆም፣ ካርዱ ግን እንደ ተለመደው ስምምነት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ካርዱ ከሚመጣው የኤሌክትሪክ ጠባይ ፍጥነቱ 100 መሆኑን ይለያል። ዱፕሌክሱን ግን ከዚያ ሊያውቅ አይችልም። ደንቡም እንዲህ ሲሆን ሃፍ ዱፕሌክስን እንዲይዝ ያዝዘዋል። አንዱ በአንድ ጊዜ መናገር ይቻላል ብሎ ያምናል፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል።

ፒንግ ሲላክ ጥያቄው ይሄዳል፤ መልሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለቱ አይገናኙምና ሁሉም ደህና ይመስላል። ትልቅ ፋይል ሲተላለፍ ግን ፓኬቶቹ በአንድ አቅጣጫ እየጐረፉ ሳለ የመድረሳቸው ማረጋገጫ በሌላው አቅጣጫ ይመለሳል። ስዊቹ ካርዱ እየተናገረ ሳለ ይናገራል፤ ካርዱ ይህን እንደ ግጭት ቈጥሮ ፍሬሙን ከመካከል ይቈርጠዋል፤ ስዊቹም የተቈረጠውን ፍሬም ብልሹ ነው ብሎ ይጥለዋል። ፓኬት የጠፋበት ቲሲፒ ደግሞ መረቡ የተጨናነቀ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ የ100 ሚሊዮን ቢት መሥመር ከ10 ሚሊዮን ቢት መሥመር በታች ይወርዳል።

ይህን የሚገልጠው በሊኑክስ ላይ ኢዝቱል የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ፍጥነቱንና ዱፕሌክሱን፣ ገመዱም መገናኘቱን ለየብቻ ያወጣል። በበርክሊ ዝርያዎች ላይ ኢፍኮንፊግ ራሱ ይናገረዋል። ከዚህ ጋር የስሕተት ቈጣሪዎቹ ይታያሉ። በሃፍ ዱፕሌክስ የቆመው ወገን ላይ የዘገየ ግጭት የሚባለው፣ ማለትም የፍሬሙ የመጀመሪያ 64 ባይት ካለፈ በኋላ የሚደርሰው ግጭት ይበዛል፤ በፉል ዱፕሌክስ በቆመው ላይ ደግሞ የማረጋገጫ ድምሩ ያልገጠመ ፍሬም ይበዛል። በደንቡ በተሠራና ርዝመቱን በጠበቀ መረብ ላይ የዘገየ ግጭት ሊኖር ስለማይገባ፣ ይህ ቈጣሪ ከዜሮ መነሣቱ ብቻ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ሁለቱንም ወገን እንዲስማሙ መተው ነው። ካርዱንም ቈልፎ ከስዊቹ ጋር ማመሳሰል ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ሌላ ባለሙያ ስዊቹን በለወጠ ጊዜ ያው ችግር በተገላቢጦሽ ይመለሳል። ከዚህም በላይ በመዳብ ገመድ ላይ የሚሠራው የአንድ ቢሊዮን ቢት ደረጃ ስምምነትን ግዴታ ስላደረገ መቈለፉ ለእርሱ አያገለግልም። በየፋይሉ ውስጥ ከቀድሞ ጀምሮ ተጽፎ የቀረ የመቈለፊያ መስመር ካለ ተፈልጎ ይወጣል።

ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በፉል ዱፕሌክስ መሥራታቸው ከታየ በኋላ ቈጣሪዎቹ ተመዝግበው፣ ክፍሉ አንድ ቀን ሙሉ ከተሠራበት በኋላ እንደገና ይነበባሉ። የዘገየ ግጭት ቈጣሪው ካልጨመረ የዱፕሌክሱ ነገር ተቃንቷል። የማረጋገጫ ድምሩ ስሕተት አሁንም እየጨመረ ከሄደ ድራይቨሩ ከተጠያቂነት ወጥቶ ምርመራው ወደ ገመዱ ይዞራል። የ100 ሚሊዮን ቢት ደረጃ ከገመዱ አራት ጥንድ ሽቦዎች ሁለቱን ብቻ፣ በ1ና በ2፣ በ3ና በ6 ቁጥር ጥርሶች ላይ ያሉትን ይጠቀማል፤ የአንድ ቢሊዮን ቢት ደረጃ ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀሩት ጥንዶች አንዱ የተበጠሰበት ገመድ ለዓመታት በመልካም ሲያገለግል ኖሮ፣ ካርዱና ስዊቹ በአዲስ በተለወጡበት ቀን አልሠራ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ካርዱን ከመንቀል በፊት ከጐረቤቱ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ገመድ አውጥቶ መሞከር ያስፈልጋል።